ለጀርመንና ለአውሮፓ ጉዞ የትኛው የባቡር ትኬት ያዋጣል?

ልጁን ወይም ወንድሙን ሊጠይቅ ወደ ጀርመን የሚሄድ ሰው፣ ቪዛው ከወጣና የአውሮፕላን ትኬቱ ከተቆረጠ በኋላ አንድ ጥያቄ ይቀረዋል። እዚያ ከደረስኩ በኋላ ከከተማ ከተማ በምን ልሂድ? ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ ቶሎ የሚያገኘው ዩሬይል የሚባለው፣ በብዙ የአውሮፓ አገሮች ባቡር የሚያስኬድ ትኬት (ፓስ) ማስታወቂያ ነው። አንድ ፓስ፣ 33 አገር። ያጓጓል። ግን ዘመድ ቤት አርፎ ሁለት ሦስት ከተማ ብቻ ለሚያይ ሰው ብዙ ጊዜ አያዋጣም።

ምሳሌዬን ጀርመን ላይ ያደረግኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከአዲስ አበባ ቀጥታ በረራ ፍራንክፈርት ይገባል። ብዙ ዘመድ ያለውም እዚያ አካባቢ ነው። ከጀርመን ወጥቶ ፓሪስ ወይም ቪየና ብቅ ማለት የሚፈልግም ብዙ ነው። ከዚህ በታች የምጠራቸው ወሮች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ወረቀት ያዙ

ትኬት ከማማረጣችሁ በፊት ጉዟችሁን ጻፉ። ከየት ወደ የት? ስንት ጊዜ ነው ረጅም መንገድ የምትሄዱት? ቀኑ ቁርጥ ነው ወይስ ዘመድ «ነገ እንሂድ» ሲላችሁ የምትነሱበት? ልጆች ወይም በእድሜ የገፉ ሰዎች አብረዋችሁ አሉ? የምትኖሩትስ የት አገር ነው? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ እንግዳ ይመስላል፤ ዩሬይል ጋ ስንደርስ ግን ዋና ነገር ይሆናል።

ፓሱን መጀመሪያ ገዝተው ከዚያ «እንግዲህ የት እንሂድበት?» የሚሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። ገንዘቡ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው።

ዶይችላንድቲኬት፦ ወር ሙሉ፣ ግን በዝግታ

ይህ ትኬት የተጀመረው በሜይ 2023 ነው። ያኔ ዋጋው በወር 49 ዩሮ ነበር። በጃንዋሪ 2025 ወደ 58፣ በጃንዋሪ 2026 ደግሞ ወደ 63 ዩሮ ከፍ ብሏል። አሁንም ቢሆን ለእንግዳ ከዚህ የተሻለ ቅናሽ ጀርመን ውስጥ አላውቅም። በከተማ አውቶቡስ፣ በትራም፣ በኡ-ባን (የምድር ውስጥ ባቡር)፣ በኤስ-ባን (ከተማንና ዳርቻውን የሚያገናኝ ባቡር) እና በክልል ባቡሮች በመላው አገሪቱ ያስኬዳል። በየከተማው ማሽን ፊት ቆሞ ዞን ማስላት ቀረ ማለት ነው። ድንበር ተሻግሮ እስከ ኦስትሪያዋ ሳልዝበርግ ጣቢያ ድረስም ይሠራል።

የማያስኬደው በፈጣኖቹ አገር አቋራጭ ባቡሮች ነው። አይ ሲ ኢ (ICE)፣ አይ ሲ (IC) እና ኢ ሲ (EC) የሚል ምልክት ያለበት ባቡር ላይ በዚህ ትኬት አትውጡ። አር ኢ (RE)፣ አር ቢ (RB) ወይም ኤስ (S) የሚል ከሆነ ግን ተሳፈሩ። ያለ ትክክለኛ ትኬት የተገኘ ሰው ቢያንስ 60 ዩሮ ይቀጣል። «እንግዳ ነኝ፣ አላወቅኩም» ማለት ብዙም አያድንም።

የጊዜው ልዩነት ቀላል አይደለም። ከፍራንክፈርት ሙኒክ በአይ ሲ ኢ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በክልል ባቡር ስድስት ሰዓት አካባቢ ይፈጃል፤ ያውም ባቡር እየቀያየሩ። ለወጣት ችግር የለውም። የ70 ዓመት እናትን ሻንጣ አስይዞ በየጣቢያው መድረክ ማስቀየር ግን እኔ አልመክርም። ከፍራንክፈርት ኮሎኝ ሲሆን ግን ሐሳቤን እቀይራለሁ። ፈጣኑ ባቡር በአንድ ሰዓት ከሩብ አካባቢ ያደርሳል። ዝግተኛው ደግሞ በኮብሌንዝ በኩል የራይን ወንዝን ተከትሎ ይሄዳል፤ በየኮረብታው ጥንታዊ ግንቦችና የወይን ማሳዎች ይታያሉ። ጊዜ ካላችሁ በዝግተኛው ሂዱ፤ መንገዱ ራሱ ጉብኝት ነው።

አሁን ወደሚያስቸግረው ነገር እንምጣ። ዶይችላንድቲኬት የአንድ ጊዜ ትኬት አይደለም፣ በየወሩ የሚታደስ ውል ነው። ካላቋረጣችሁት አገር ቤት ከተመለሳችሁም በኋላ ገንዘብ ይቆርጣል። ለማቋረጥ ወሩ በገባ እስከ 10ኛው ቀን ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ ያኔ በዚያው ወር መጨረሻ ይዘጋል። ወሩ ከተጋመሰ በኋላ ከጀመራችሁ የሚቀጥለውንም ወር ልትከፍሉ ትችላላችሁ። ስለዚህ ስትገዙ የማቋረጫውን ደንብ አብራችሁ አንብቡ፤ ከተቻለ የመጀመሪያው ቀን ላይ አቋርጡት። ያቋረጣችሁት ትኬት እስከ ወሩ መጨረሻ መሥራቱን አያቆምም።

ሁለተኛው ነጥብ፣ ወሩ የሚቆጠረው ከገዛችሁበት ቀን ጀምሮ 30 ቀን ተብሎ አይደለም። ከአንድ እስከ ወሩ መጨረሻ ነው። ከሜይ 20 እስከ ጁን 10 የምትቆዩ ከሆነ ቆይታችሁ ሦስት ሳምንት ቢሆንም ሁለት ወር ትነካላችሁ፤ ሂሳቡ 126 ዩሮ ይሆናል። የበረራ ቀን ገና ካልቆረጣችሁ ይህን አስቡበት። ጁን 1 ገብቶ ጁን 25 የሚወጣ ሰው በ63 ዩሮ ይጨርሳል።

ክፍያው ሌላ ጣጣ አለው። ብዙዎቹ ሻጮች የአውሮፓ የባንክ ሂሳብ ይጠይቃሉ። ዓለም አቀፍ ካርድ የሚቀበሉ መተግበሪያዎችም አሉ። ዘመድ በራሱ ሂሳብ ሊከፍልላችሁ ይችላል፤ ትኬቱ ላይ የሚጻፈው ስም ግን የተጓዡ መሆን አለበት። በወንድማችሁ ስም የወጣ ትኬት ይዛችሁ አትሂዱ። ተቆጣጣሪው መታወቂያ ይጠይቃል፤ የእናንተ መታወቂያ ደግሞ ፓስፖርታችሁ ነው።

አንድ ተጨማሪ ነገር፦ ትኬቱ ልጆችን አያካትትም። ከ6 ዓመት በታች ያሉት በነፃ ይሄዳሉ። ከዚያ በላይ ያሉት የራሳቸው ትኬት ያስፈልጋቸዋል።

ቀድሞ የሚቆረጥ ትኬት፦ ቀኑ ቁርጥ ለሆነ ሰው

የጀርመን ባቡር ድርጅት ዶይቸ ባን ለፈጣን ባቡሮች ዋናዎቹ ሦስት ዓይነት ዋጋዎች አሉት። ዙፐር ሽፓርፕራይስ ርካሹ ነው፤ ከገዙት በኋላ መመለስ የለም። ሽፓርፕራይስ ትንሽ ይወደዳል፣ ግን ቀድሞ ከተሰረዘ የተወሰነ ገንዘብ ተቀንሶ ቀሪው ይመለሳል። ሁለቱም በተጻፈው ባቡር ላይ ብቻ ይሠራሉ። ፍሌክስፕራይስ ውድ ነው፤ በዚያ ቀን በፈለጋችሁት ባቡር ትሄዳላችሁ።

በመካከላቸው ያለው ልዩነት ትልቅ ነው። ከፍራንክፈርት ኮሎኝ ቀድሞ ከተቆረጠ ብዙ ጊዜ ከ30 ዩሮ በታች ይገኛል። ከፍራንክፈርት ሙኒክ በፍሌክስፕራይስ በዕለቱ ቢገዛ ግን ከ100 ዩሮ ሊያልፍ ይችላል። ርካሾቹ ትኬቶች ቁጥራቸው የተወሰነ ስለሆነ የጉዞው ቀን ሲቃረብ ያልቃሉ። ለበዓል ሰሞንና ለዓርብ ከሰዓት በተለይ ቶሎ ቁረጡ።

ለቤተሰብ ይህ ትኬት ከዶይችላንድቲኬት የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ከ6 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆች ከትልቅ ሰው ጋር ሲጓዙ በፈጣን ባቡር በነፃ ይሄዳሉ። ትኬቱ ሲቆረጥ ግን ቁጥራቸው መመዝገብ አለበት። እናትና አባት ከሦስት ልጆች ጋር ከፍራንክፈርት በርሊን ቢሄዱ የሚከፍሉት ለሁለት ሰው ነው። የመቀመጫ ቦታ ማስያዝ ለብቻው ይከፈላል፤ በሁለተኛ ማዕረግ ለአንድ ሰው 5 ዩሮ ከምናምን ነው። ግዴታ አይደለም። ልጆች ወይም አረጋውያን ካሉ ግን ገንዘቡን አትሰስቱ። ትኬት አለ ማለት መቀመጫ አለ ማለት አይደለም፤ አራት ሰዓት ኮሪደር ላይ መቆም ሊመጣ ይችላል።

ባቡሩ ቢዘገይስ? የጀርመን ባቡር በሰዓቱ ይደርሳል የሚለው ዝና ዛሬ ላይ እውነቱን አያሳይም። በ2024 በሰዓታቸው የደረሱት አገር አቋራጭ ባቡሮች 62.5 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ መብታችሁን እወቁ። መድረሻችሁ ላይ 20 ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ እንደምትዘገዩ ከታወቀ በርካሹ ትኬታችሁም ቢሆን በሌላ ባቡር መሄድ ትችላላችሁ። አንድ ሰዓት ከዘገያችሁ ከትኬቱ ዋጋ 25 በመቶ፣ ሁለት ሰዓት ከሆነ 50 በመቶ እንዲመለስላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚፈልግ ነገር አለ። ከትንሽ ከተማ በዶይችላንድቲኬት ወጥታችሁ ትልቁ ጣቢያ ላይ አይ ሲ ኢ የምትይዙ ከሆነ ሁለቱ ትኬቶች እንደ አንድ ጉዞ አይቆጠሩም። የክልሉ ባቡር ዘግይቶ ፈጣኑ ቢያመልጣችሁ ርካሹ ትኬት ሊከስር ይችላል። ወይ ከመነሻ እስከ መድረሻ በአንድ ትኬት ቁረጡ፣ ወይ በመሐሉ በቂ ጊዜ ተዉ።

አምስት ሆናችሁ ለአንድ ቀን

ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ለአንድ ቀን ሽርሽር ሲወጣ የሌንደር ቲኬት የሚባሉት የክልል የቀን ትኬቶች አሉ። ባየርን ቲኬት ከእነሱ አንዱ ነው። እስከ አምስት ሰው በአንድ ትኬት ይሄዳል። አከፋፈሉ እንደ ክልሉ ይለያያል፤ ባጠቃላይ ግን ሰው በበዛ ቁጥር የነፍስ ወከፉ ዋጋ ይወርዳል። የሚሠራው በክልል ባቡሮች ብቻ ነው። በሥራ ቀናት የሚጀምረው ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ በእነሱ አቆጣጠር 9፡00 ነው። ቅዳሜና እሁድ ከሌሊት ጀምሮ ይሠራል። ሰዓቱ ላይ እንዳትሳሳቱ፤ የባቡር ሰሌዳውም ትኬቱም በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው የሚጻፉት።

ዩሬይልና ኢንተርሬይል፦ አገር ለሚያካልል ሰው

ሁለቱ ፓሶች አንድ ዓይነት ናቸው፤ የሚለያዩት በገዢው ነው። ዩሬይል ከአውሮፓ ውጭ ለሚኖር ነው። ኢንተርሬይል አውሮፓ ውስጥ ለሚኖር። የሚታየው ዜግነት ሳይሆን የመኖሪያ አገር ነው። አዲስ አበባ፣ ዋሽንግተን፣ ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ የሚኖር ሰው ዩሬይል ይገዛል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዞ ሽቱትጋርት ወይም ለንደን የሚኖር ግን የመኖሪያ ማስረጃውን ይዞ ኢንተርሬይል ይገዛል። ከአሜሪካ የመጣች እህት ከጀርመን ነዋሪ ወንድሟ ጋር አብራ ብትጓዝ ሁለቱ የተለያየ ፓስ ይይዛሉ ማለት ነው። ኢንተርሬይል የያዘ ሰው በሚኖርበት አገር ውስጥ የሚጠቀምበት ለመውጫና ለመመለሻ ብቻ ነው። ስለዚህ ፍራንክፈርት የሚኖር ሰው በኢንተርሬይል ጀርመንን ሊዞርበት አይችልም።

በብዛት የሚሸጠው ቀን የሚመረጥበት ዓይነት ነው። ለምሳሌ በአንድ ወር ውስጥ አራት የጉዞ ቀናት። በእነዚያ ቀናት ከእኩለ ሌሊት እስከ እኩለ ሌሊት የፈለጋችሁትን ያህል ባቡር ትይዛላችሁ። የሌሊት ባቡር የሚቆጠረው በተነሳበት ቀን ብቻ ነው። እስከ 27 ዓመት ያሉ ወጣቶችና ከ60 ዓመት በላይ ያሉ ቅናሽ አላቸው። ከ4 እስከ 11 ዓመት ላሉ ልጆች ነፃ ፓስ ይሰጣል፤ ለአንድ አዋቂ እስከ ሁለት ልጅ።

ሂሳቡን እንሥራው። የአራት ቀኑ ፓስ ለአዋቂ በሁለተኛ ማዕረግ 300 ዩሮ አካባቢ ነው። ለአንድ የጉዞ ቀን 75 ዩሮ ይደርሳል። እንግዲህ ወረቀታችሁን አውጡና እያንዳንዱን መንገድ ቀድሞ ሲቆረጥ ስንት እንደሆነ ፈልጉ። ከፍራንክፈርት ኮሎኝ በ25 ዩሮ ከተገኘ ለዚያ ቀን ፓስ መጠቀም 50 ዩሮ መጣል ነው። በሌላ በኩል አንድ ቀን ከፍራንክፈርት ቪየና፣ ሌላ ቀን ከቪየና ዙሪክ የምትሄዱና ትኬቱን በመጨረሻው ሰዓት የምትቆርጡ ከሆነ ፓሱ ወዲያው ዋጋውን ይመልሳል። ፓስ የሚያዋጣው መንገዱ ሲረዝምና ዕቅዱ ልቅ ሲሆን ነው። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ካለ አጠራጣሪ ነው። ሁለቱም ከሌሉ ተዉት።

ከፓሱ ዋጋ በላይ የሚመጣ ወጪም አለ። በፈረንሳዩ ፈጣን ባቡር ቴ ዤ ቬ (TGV)፣ በጣሊያን ፈጣን ባቡሮች፣ በስፔንና ለንደንን ከፓሪስ በሚያገናኘው ዩሮስታር የመቀመጫ ቦታ ማስያዝ ግዴታ ነው። ክፍያው ለብቻው ነው፤ ዩሮስታር ላይ 30 ዩሮና ከዚያ በላይ ይሆናል። ፓስ ለያዙ የሚተወው መቀመጫም የተወሰነ ነው፤ በበጋ ቶሎ ያልቃል። ከፍራንክፈርት ፓሪስ በሚሄደው ቀጥታ ባቡርም ግዴታው አለ። በጀርመን፣ በኦስትሪያ፣ በስዊዘርላንድና በቤልጂየም የአገር ውስጥ ባቡሮች ግን አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብሎ መሳፈር ይቻላል። ስለዚህ ጉዟችሁ ወደ ቪየናና ዙሪክ የሚያዘነብል ከሆነ ፓሱ ይመቻል። ወደ ፓሪስ፣ ሮምና ባርሴሎና ከሆነ ደግሞ ቀድሞ የተቆረጠ ትኬት አብዛኛውን ጊዜ ያሸንፋል።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ሰው ከዋጋው በፊት የሚታይ ነገር አለ፤ እሱም ቪዛው ነው። ፓሱ 33 አገር ያስኬዳል፤ የሸንገን ቪዛ ግን ሁሉንም አያስገባም። ብሪታንያ፣ አየርላንድ፣ ቱርክ፣ ሰርቢያ፣ ቦስኒያ፣ ሞንቴኔግሮና ሰሜን መቄዶንያ ከሸንገን ውጭ ናቸው። ባቡሩ ይሄዳል፣ ፓሱ ይሠራል፣ ድንበሩ ግን ሊመልሳችሁ ይችላል። የአንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛ ካላችሁ ደግሞ አደጋው የባሰ ነው። ከሸንገን ክልል አንዴ ከወጣችሁ የመመለሻ መብት የላችሁም፤ የአውሮፕላን መመለሻችሁ ከፍራንክፈርት ቢሆንም። የአሜሪካ ግሪን ካርድ ያለውም ፓስፖርቱ የኢትዮጵያ ከሆነ የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል። ሸንገን ውስጥም ቢሆን ድንበር ስትሻገሩ ፓስፖርታችሁን ቤት አትተዉ፤ ባቡር ውስጥ ፖሊስ ይጠይቃል።

ስዊዘርላንድ ለብቻዋ

ስዊዘርላንድ ብቻ ከሆነ የምትሄዱት ዩሬይልን አትመልከቱት። ለጎብኚ የተዘጋጀ ስዊስ ትራቨል ፓስ አለ። ባቡሩን፣ አውቶቡሱን፣ የሐይቅ ጀልባውን፣ የከተማ ትራንስፖርቱን፣ ከ500 በላይ ሙዚየሞችንም ይይዛል። ለሦስት፣ ለአራት፣ ለስድስት፣ ለስምንት ወይም ለ15 ተከታታይ ቀን ይሸጣል። ርካሽ አይደለም። በየቀኑ የምትንቀሳቀሱ ከሆነ ይሁን። ዙሪክ ወይም ጄኔቭ ዘመድ ቤት ተቀምጣችሁ አንድ ሁለት ቀን ብቻ የምትወጡ ከሆነ ግን ለአንድ ወር አብዛኛውን ትራንስፖርት በግማሽ ዋጋ የሚያስኬደው የግማሽ ዋጋ ካርድ የተሻለ ነው። ሉክሰምበርግ ደግሞ ከ2020 ጀምሮ በሁለተኛ ማዕረግ ባቡሩም አውቶቡሱም ለሁሉም ሰው ነፃ ነው። እዚያ ትኬት አትፈልጉ።

ከተማ ውስጥ

ለንደን ላይ የቀን ትኬት መግዛት አያስፈልግም። በባንክ ካርድ ስትገቡም ስትወጡም ንኩ፤ የቀኑ ወጪ የተወሰነ ጣሪያ ላይ ሲደርስ ተጨማሪ አይቆርጥም። ሁልጊዜ ያንኑ ካርድ ተጠቀሙ፤ ሁለት ሰው በአንድ ካርድ አይሄድም። ፓሪስ ላይ ናቪጎ የሚባለው የትራንስፖርት ካርድ የሳምንቱ ዋጋ ከሰኞ እስከ እሁድ ነው የሚቆጠረው። ሐሙስ ለደረሰ ሰው ኪሳራ ነው፤ የቀን ወይም የነጠላ ትኬት ይግዛ።

የወረቀት ትኬት ላይ ማህተም የማድረግ ነገር ብዙ እንግዳ ያስቀጣል። በርሊንና ሙኒክ ላይ የወረቀቱን ትኬት ከመሳፈራችሁ በፊት በትንሿ ማሽን ማስመታት አለባችሁ። ያልተመታ ትኬት እንዳልተገዛ ይቆጠራል። ፍራንክፈርት ላይ ግን ከማሽኑ ሲወጣ ወዲያው የሚሠራ ነው። ጣሊያን ውስጥ በክልል ባቡር የወረቀት ትኬት ከያዛችሁ እንደ በርሊን አድርጉ።

ዋጋ ስትፈልጉ የጽሑፉን ቀን እዩ። የጃፓን የባቡር ፓስ በኦክቶበር 2023 የሰባት ቀኑ ከ29,650 የን ወደ 50,000 የን ዘለለ። ከዚያ በፊት የተጻፈ «ፓሱን ግዙ» የሚል ምክር ዛሬ ለብዙ ሰው አይሠራም። የአውሮፓውም በየዓመቱ ይቀያየራል።

እኔ ብሆን

አዲስ አበባ የምትኖር እናት ለአንድ ወር ፍራንክፈርት ልጇ ጋ ብትመጣ፣ ዶይችላንድቲኬት በስሟ አውጥቼ በከተማና በአካባቢው እንድትንቀሳቀስበት አደርጋለሁ። ሙኒክ ያለችውን እህቷን እንድትጠይቅ ደግሞ ከአንድ ወር በፊት የአይ ሲ ኢ ደርሶ መልስ ከነመቀመጫው እቆርጣለሁ። ከቨርጂኒያ ለሚመጡ ባልና ሚስት ከሁለት ልጆች ጋር ጀርመንን፣ ኦስትሪያንና ስዊዘርላንድን በሁለት ሳምንት ለሚያዩ፣ ልጆቹ ከ12 ዓመት በታች ከሆኑ ዩሬይል አስባለሁ። ልጆቹ 13 እና 14 ከሆኑ ግን የየራሳቸው የወጣት ፓስ ስለሚያስፈልጋቸው ሂሳቡ ይገለበጣል፤ ያኔ ቢያንስ ጀርመን ውስጥ ልጆችን በነፃ የሚያሳፍረውን ቀድሞ የሚቆረጥ ትኬት እመርጣለሁ።

የመመለሻ በረራው ቀን ምክሬ ግን ለሁሉም አንድ ነው። ፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ ሁለት የባቡር ጣቢያ አለው፤ የፈጣን ባቡሮቹና የክልል ባቡሮቹ። ከከተማው ዋና ጣቢያ የምትመጡ ከሆነ ኤስ 8 ወይም ኤስ 9 በሩብ ሰዓት ገደማ የክልሉ ጣቢያ ያደርሳችኋል፤ ዶይችላንድቲኬትም ይሠራል። ከሌላ ከተማ የምትመጡ ከሆነ ልክ በሰዓቱ የሚያደርሰውን ባቡር አትያዙ። ከእሱ በፊት ያለውን፣ ቢቻል ደግሞ ከዚያም በፊት ያለውን ቁረጡ።